«ከእሷ ጋር አድርገኝ» ለሚሉት፦ ሰውን በእጣ ቡድን የማከፋፈል ዘዴ

ጥምቀት ሲቃረብ ጎንደር ውስጥ መጥረጊያ የማይነሳበት ሰፈር የለም። አስፋልት ይታጠባል፣ ባንዲራ ይሰቀላል፣ ምንጣፍ አንጣፊዎቹ ይለማመዳሉ። አንድ ዓመት የሰፈራችንን ወጣቶች የማስተባበሩ ነገር እኔ ላይ ወደቀ። 44 ሰው ተመዘገበ። «እንደ አርባ አራቱ የጎንደር ታቦት!» ብሎ የሳቀም ነበር። እኔም ማታ ቁጭ ብዬ፣ ማን ከማን ጋር እንደሚስማማ እያሰብኩ፣ ስሙን በስድስት ቡድን ደለደልኩት።

ጠዋት ሳነበው ጉድ ፈላ። ቀሃ ወንዝ ዳር የደረሳቸው «እኛ ምን አደረግን?» አሉ። የአክስቴ ልጅ የተመደበው የፋሲል መዋኛ አጠገብ፣ ከዛፎቹ ጥላ ስር ነበር። «ዘመዱን ጥላ ስር አስቀመጠው» ተባለ። እውነቴን ነው፣ አስቤበት አልነበረም፤ ግን ማን ያምነኛል? ግማሽ ቀን በጭቅጭቅ አለቀ። የሰፈራችን የእቁብ ዳኛ የሆኑት እትየ በዚያ ሲያልፉ ቆም ብለው ሰሙንና፣ «አንተ ልጅ፣ እቁብ ሲወጣ አይተህ አታውቅም? እጣ አትጥልም?» አሉኝ።

ከዚያ ወዲህ ስልጠናም ይሁን ኳስ፣ ሰው መከፋፈል ሲኖርብኝ በእጣ ነው። በመንገዱ ብዙ ተሳስቻለሁ። የሚሠራውንና የማይሠራውን ልንገራችሁ።

መጀመሪያ ሒሳቡ

ወረቀት ከመቅደዳችሁ በፊት አንድ ጥያቄ መልሱ። የምትፈልጉት የተወሰነ የቡድን ብዛት ነው ወይስ በቡድን ውስጥ የተወሰነ ሰው? ሁለቱ ይምታታሉ፤ እኔንም ብዙ ጊዜ አምታተውኛል።

44 ሰው አላችሁ እንበል። ሥራው ስድስት ቦታ ከሆነ 44ን ለ6 አካፍሉ። 7 ይደርስና 2 ይተርፋል። ስለዚህ ሁለት ቡድን ባለ 8፣ አራት ቡድን ባለ 7 ይሆናል። 16 እና 28፣ 44። አለቀ።

አሁን ሰው የሚሳሳትበት ቦታ። «በሰባት በሰባት እንሁን» ይባልና አስተባባሪው ሰውን ከ1 እስከ 7 ያስቆጥራል። ይሄ ሰባት ሰው ያለው ቡድን አይሰጣችሁም፤ ሰባት ቡድን ነው የሚሰጣችሁ። ሁለቱ ባለ 7፣ አምስቱ ባለ 6። ስታስቆጥሩ የምትቆሙበት ቁጥር ሁልጊዜ የቡድኑ ብዛት ነው። ይህን እጃችሁ ላይ ጻፉት።

ሌላው፣ የምትቆጥሩት የመጣውን ሰው ይሁን። ሊስት ላይ ያለውን ሁሉ በእጣ ደልድላችሁ ጠዋት አሥሩ ቢቀሩ፣ አሥሩ በእኩል ተከፋፍለው አይቀሩም። አንዱ ቡድን ሙሉ ሆኖ ሌላው በሦስት ሰው ይቀራል። ደርሶብኛል።

ቆጠራ

ቀላሉ ይሄ ነው። ሰው ይሰለፋል ወይም ክብ ይሠራል፤ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት እያለ እስከ ስድስት ቆጥሮ ከአንድ ይጀምራል። ወረቀት የለ፣ እስክሪብቶ የለ፣ በሁለት ደቂቃ ያልቃል። ትልቁ ጥቅሙ ጎን ለጎን የተቀመጡ ጓደኛሞችን በግድ ይለያያል፤ አንዷ 3 ካለች አጠገቧ ያለችው 4 ናት።

ነገር ግን እጣ አይደለም። ልጆች ብልጥ ናቸው፤ ተራው ሳይደርስ ቆጥረው ያውቁታል። ከጓደኛው ስድስት ሰው ራቅ ብሎ የሚቆም ታገኛላችሁ፣ ወይም «ጫማዬን ላስር» ብሎ ቦታ የሚቀይር። ለዚህ መድኃኒቱ ከመቁጠሩ በፊት ሰልፉን መበጥበጥ ነው። በልደት ቀን አሰልፏቸው፦ መስከረም ከወዲህ፣ ጳጉሜን ከወዲያ። ሰው እየተጠያየቀ ቦታውን ሲፈልግ መተዋወቂያም ይሆናል፤ አንድ የጳጉሜን ልጅ ከተገኘ ደግሞ ሳቁ አያልቅም። ለወጣቶች ነው እንጂ ለትልልቅ ሰዎች አይሆንም። አንድ አባት «የተወለድኩት በአዝመራ ጊዜ ነው» ብለውኝ የት እንደማቆማቸው ጠፍቶኛል።

ሁለተኛው ችግር ሰው ቁጥሩን ይረሳል። ወይም የረሳ ይመስላል። ስለዚህ ቆጠራው እንዳለቀ ወዲያው «አንዶች እዚህ፣ ሁለቶች እዚያ» በሉ። በመሃል መመሪያ ማንበብ፣ ስለ ምሳ ሰዓት ማውራት የለም። አምስት ደቂቃ ከሰጣችሁት አራተኛው ቡድን በተአምር 12 ሰው ይሆናል።

የወረቀት እጣ፣ እንደ እቁብ

ሁለት መቶ ዓይነት ዘዴ ቢቀርብልኝ ይሄን ነው የምመርጠው። ሰው ያውቀዋል። ማስረዳት አያስፈልግም። እትየ ሲያወጡ አንድ ሁለቴ ቁጭ ብዬ ያየሁትን እነሆ፣ ቅደም ተከተሉ ራሱ ዋጋ አለው፦

1. ወረቀቱ ከአንድ ደብተር ይሁን፤ በአንድ ልክ ይቆረጥ። አንዱ ወፍራም አንዱ ስስ ከሆነ እጅ ይለየዋል።

2. በሰው ብዛት ልክ ብጣሽ አዘጋጁ። ለ44 ሰውና ለስድስት ቡድን፦ 1 እና 2 ቁጥር ስምንት ስምንት ጊዜ ይጻፋሉ፣ ከ3 እስከ 6 ያሉት ሰባት ሰባት ጊዜ። በአንድ እስክሪብቶ። ማርከር ከሆነ በጀርባ ስለሚታይ ተዉት።

3. ሁሉንም በአንድ ዓይነት እጠፉ። ሁለት ጊዜ ከሆነ ሁለት ጊዜ። እትየ ጠቅልለው መሃሉን ያጥፉታል፤ ያ ሲደባለቅ አይፈታም።

4. ብጣሾቹን ሰው ፊት ጮክ ብላችሁ ቁጠሩ። ከዚያ ዕቃውን ገልብጣችሁ ባዶ መሆኑን አሳዩ። ፌስታል ጥሩ ነው፣ ጥልቅ ኮፍያም ይሆናል። ሰሃን አይሆንም።

5. ደባልቁ። በእጅ፣ ከስር ወደ ላይ፣ እስኪሰለቻችሁ።

6. እያንዳንዱ በራሱ እጅ ያውጣ፣ ራሱ ይክፈት፣ ጮክ ብሎ ያንብብ፤ አንድ ሰው እዚያው በስሙ ትይዩ ይጻፍ። የወጣው ብጣሽ ተመልሶ አይገባም። እቁብ የበላ ሰው ስሙ ድጋሚ እጣ ውስጥ እንደማይገባው ማለት ነው።

የመጨረሻዋን ነጥብ የማጠነክረው ሰው ብጣሽ ስለሚለዋወጥ ነው። «2 ደርሶኛል፣ ቀይሪኝ» ይባላል ከጀርባ። ጮክ ተብሎ ከተነበበና ከተጻፈ ግን መለዋወጥ የለም።

ማደባለቁንም አትናቁት። ዲሴምበር 1፣ 1969 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ውስጥ ለቬትናም ጦርነት የሚዘምቱ ወጣቶች ተራ በእጣ ሲወጣ፣ 366 የልደት ቀናት በትንንሽ የፕላስቲክ ብልቃጦች ተደርገው ነበር የቀረቡት። በየወሩ ተራ በተራ ስለተጨመሩና በደንብ ስላልተደባለቁ፣ የዓመቱ መጨረሻ ላይ የተወለዱት ቀድመው ወደ መውጣቱ አዘነበሉ። የሰው ሕይወት የተንጠለጠለበት እጣ! ጉዳዩን የስታቲስቲክስ ሰዎች እስከ ዛሬ ያስተምሩበታል። የእናንተ ፌስታል ውስጥ 1 ቁጥሮችን መጀመሪያ፣ 6 ቁጥሮችን መጨረሻ ከከተታችሁና አንዴ ነቅነቅ ካደረጋችሁት፣ ቀድመው ያወጡት ሰዎች 6 በ6 ይሆናሉ።

«እኔ ልቅደም» የሚለውስ ጸብ? ይሄን ሰው ሁሉ ይጠይቃል። ቀድሞ ያወጣና መጨረሻ ያወጣ እኩል ነው ዕድላቸው። በጣት ቁጠሩት። አምስት ብጣሽ አለ፣ አንዷ ብቻ ጥሩ። የመጀመሪያው ሰው የማግኘት ዕድሉ ከአምስት አንድ። ሁለተኛው የሚያገኘው መጀመሪያ ያኛው ከሳታት ነው፣ እሱ ከአምስት አራት፤ ከዚያ ከቀሩት አራት አንዷን መምረጥ። ሲባዛ መልሶ ከአምስት አንድ። ስለዚህ ለወግ ያህል ትልልቆቹ ይቅደሙ፣ ማንም አይጎዳም። ወረቀት ሳይከፍት ቀድሞ ማየት የሚችል ሰው ከሌለ ማለቴ ነው።

ባቄላ፣ ቆርኪ፣ ከረሜላ

ወረቀት ከሌለ የወጥ ቤት ጓዳ ይበቃል። ባቄላ፣ ሽምብራ፣ በቆሎ፣ ስንዴ፤ አራት ቡድን ሆነ ማለት ነው። ችግሩ እጅ ያውቃቸዋል። ስንዴና ባቄላን በጨለማም የማይለይ የለም። ስለዚህ ሰው እጁን ከቶ አያውጣ፤ እናንተ በተዘጋ ጭብጥ አንድ አንድ እያላችሁ አድሉ፣ ወይም በትንሽ ወረቀት ጠቅልሉት።

ቆርኪ ከዚህ ይሻላል። መጠኑ አንድ ነው፣ በእጅ አይለይም፣ ማንኛውም ግሮሰሪ ብትሉ በነጻ ይሰጣችኋል። የኮካ ቡድን፣ የስፕራይት ቡድን፣ የአምቦ ውሃ ቡድን። ቢራውን ሰንበት ትምህርት ቤት ይዛችሁ እንዳትሄዱ ብቻ።

ከረሜላ በቀለም ጥሩ ሐሳብ ይመስላል። አይደለም። ስልጠና ላይ ሞክሬው ሁሉም በላውና ማን ቀይ ማን አረንጓዴ እንደነበር ማስረጃው ጠፋ። ልጣጩን ያስቀመጠ አንድ ሰው ብቻ ነበር።

ካርታ ያላችሁ ደግሞ በጣም ቀሏችኋል። 52 ካርታ አለ፤ አራት ምልክት፣ በእያንዳንዱ 13። አራት ቡድን ከፈለጋችሁ በምልክቱ፣ አራት አራት ሰው ያለው ቡድን ከፈለጋችሁ በቁጥሩ፤ ሰባቶች አንድ ላይ፣ ንጉሦች አንድ ላይ። የምትፈልጉትን ያህል ብቻ ቆጥራችሁ ለዩና በውዙ። ስንቴ መበወዝ ይበቃል ለምትሉ፣ በ1992 እ.ኤ.አ. ባየርና ዲያኮኒስ የተባሉ የሒሳብ ሰዎች ሙሉ ካርታ ለሁለት ተከፍሎ እየተሰካካ ሲበወዝ ሰባት ጊዜ ያህል እንደሚያስፈልገው አሳይተዋል። ሁለቴ በውዞ «በቃ» የሚል ጓደኛ ካላችሁ አሳዩት። ግን ማህበር ላይ፣ አባቶችና እናቶች ባሉበት፣ ካርታ አውጥታችሁ እንዳታድሉ። ቁማር ይመስላል፤ ማስረዳቱ ከመከፋፈሉ ይረዝማል።

ዘዴ የሚመስሉ ወጥመዶች

በሳንቲም፦ እያንዳንዱ ሰው ዘውድ ወይስ ጎፈር ብሎ ይጥልና ለሁለት ይከፈል የሚል አለ። ለ20 ሰው ብታደርጉት ልክ አሥር ለአሥር የሚወጣው ከመቶ ጊዜ 18 ጊዜ ገደማ ብቻ ነው። አብዛኛውን ጊዜ 11 ለ9 ወይም 12 ለ8 ይሆናል፣ ከዚያ «አንዱ ይሻገር» ተብሎ እንደገና ጭቅጭቅ። ሳንቲም ለጥንድ ነው፤ ወደዚያ እመጣለሁ።

በስልክ ቁጥር የመጨረሻ አሃዝ፦ ለአራት ቡድን አይሠራም። አሃዙን ለ4 አካፍላችሁ በቀሪው ብትመድቡ፣ 0፣ 4 እና 8 አንድ ቡድን፣ 1፣ 5 እና 9 አንድ ቡድን ይሆናሉ፤ የቀሩት ሁለት ቡድኖች ግን ሁለት ሁለት አሃዝ ብቻ ነው የሚደርሳቸው። ለሁለት ወይም ለአምስት ቡድን ዕድሉ እኩል ነው፤ የሰው ብዛቱ ግን እኩል ይሁን የሚል ዋስትና የለም። በዚያ ላይ ቁጥሩን መርጦ የገዛ አለ።

በስም ፊደል፦ «አ» ብቻዋን ግማሹን ክፍል ትወስዳለች። ተዉት።

ሁለት አምበል ቆሞ ይምረጥ፦ ይሄ ከእጣም ጋር አይገናኝም። መጨረሻ የሚቀረውን ልጅ ፊት አይታችሁ ታውቃላችሁ? እኔ ነበርኩ።

እጣ ማመጣጠን አይደለም

አሁን ዋናው ነገር። እጣ አድልዎ ያጠፋል። ማመጣጠን ግን ሥራው አይደለም። 20 ሰው አለ፣ ከነሱ አራቱ ሴቶች። በአምስት አምስት ሰው አራት ቡድን በንጹህ እጣ ብትከፍሉ፣ በየቡድኑ አንድ አንድ ሴት የምትደርሰው ከመቶ 13 ጊዜ ያህል ብቻ ነው። በቀረው 87 ሁለት ወይም ከዚያ በላይ አንድ ቦታ ይሆናሉ፣ ያለ ሴት የሚቀር ቡድንም ይኖራል። ይሄኔ ሰው «እጣው ተበላሽቷል» ይላል። አልተበላሸም፣ እጣ እንዲህ ነው።

ጓደኛሞችም እንደዚያው። በዚሁ 20 ሰው ውስጥ ሁለት ጓደኛሞች አንድ ቡድን የመውጣታቸው ዕድል ከ19 አራት ነው፤ ከአምስት አንዴ እንደ ማለት። አምስት ጥንድ ጓደኛ ካለ ደግሞ ቢያንስ አንዱ ጥንድ አብሮ መውጣቱ የሚጠበቅ ነው። «እነሱ እንዴት አብረው ወጡ?» ሲባል አትደንግጡ።

ማመጣጠን ከፈለጋችሁ መጀመሪያ ለዩ፣ ከዚያ በየተለየው እጣ ጣሉ። ይሄን ልጆች ሳለን እናውቀው ነበር። ኳስ ልንጫወት ስንል፣ እኩል የምንችል ሁለት ሁለት ሆነን ዞር እንልና የምስጢር ስም እንይዛለን፤ አንዱ አንበሳ፣ አንዱ ነብር። ከዚያ ተቃቅፈን መጥተን «አንበሳ ወይስ ነብር?» እንላለን፤ አምበሉ ማን ማን እንደሆነ ሳያውቅ ይመርጣል። ጎበዙ ከጎበዝ፣ ደካማው ከደካማ ጋር ስለሚጣመድ ሁለቱም ቡድን እኩል ይሆናል፤ የት እንደሚደርስህ ግን ዕድል ነው። መድኃኒት የሚሞክሩ ተመራማሪዎችም ሰውን በዕድሜና በሕመም አጣምደው ከሁለቱ አንዱን በእጣ ይመድባሉ። አጠናኑ ትልቅ ነው፣ ጨዋታው ግን የኛው ነው። ለሁለት ቡድን ከዚህ የተሻለ አላውቅም። ስም መያዙ ከሰለቻችሁ፣ ሳንቲም ሥራ የሚያገኘው እዚህ ነው፤ ለየጥንዱ አንድ ውርወራ።

ለብዙ ቡድን ደግሞ እንዲህ አድርጉ። ከ44ቱ 12ቱ ሴቶች ነበሩ። ለነሱ የተለየ ፌስታል፦ ከ1 እስከ 6፣ እያንዳንዱ ሁለት ጊዜ። ለ32ቱ ወንዶች ሌላ ፌስታል፦ 1 እና 2 ስድስት ስድስት ጊዜ፣ የቀሩት አምስት አምስት ጊዜ። ድምሩ ያው ነው፤ ሁለት ቡድን ባለ 8፣ አራት ቡድን ባለ 7፣ በየቡድኑ ሁለት ሴት። የመጀመሪያ እርዳታ የሚያውቁ ስድስት ሰዎች ካሏችሁ፣ ለነሱም ከ1 እስከ 6 አንድ አንድ ብጣሽ ያለበት ፌስታል ለይታችሁ ከሌላው ቀንሱ። ፌስታሉ ግን አይብዛ። ሦስት ከሆነ በቂ ነው፤ ከዚያ በላይ ሲሆን ሰው የሚያደርጉትን ማየት ያቆምና መጠርጠር ይጀምራል።

አንዲት ዘዴ ልጨምር፣ ለብቻችን ንገረን ብላችሁ ካልጠየቃችሁኝ በቀር አደባባይ አላወጣትም ነበር። ሁለት የተጣሉ ሰዎች አሉ፣ አንድ ቡድን እንዲወጡ አትፈልጉም፣ ምክንያቱንም ማንም እንዲያውቅ አትፈልጉም። ከ1 እስከ 6 አንድ አንድ ብጣሽ ብቻ ያለበትን ጥቅል ለስድስት ሰዎች አዙሩት፣ ሁለቱ ከስድስቱ መሃል ይሁኑ። በአንድ ጥቅል ውስጥ ያለ ሰው ከሌላው ጋር አንድ ቁጥር ሊደርሰው አይችልም። እጣው እውነተኛ ነው፣ ማንም አልተመደበም፤ ሁለቱ ግን አይገናኙም። አንድ ላይ ተጣብቀው ለሚቀመጡ ስድስት ጓደኛሞችም ይሠራል። እነሱ ግን ይነቁባችኋል።

ኤክሴል ላይ

ሰው ከ100 ሲበልጥ ወረቀት መቁረጥ ያደክማል። ኤክሴል ክፈቱ። ስሞቹን አንድ ዓምድ ላይ ደርድሩ። አጠገቡ ባለው ዓምድ «ራንድ» (RAND) የሚባለውን ቀመር አስገቡ፤ ከፊቱ የእኩል ይሆናል ምልክት፣ ከኋላው ባዶ ቅንፍ። ከዜሮ እስከ አንድ ያለ የዘፈቀደ ቁጥር ያወጣል። እስከ ታች ጎትቱት። ከዚያ ቁጥሮቹን ኮፒ አድርጋችሁ እዚያው «ቁጥሩን ብቻ» (Values) በሚለው አማራጭ ለጥፉ። ይህን ከዘለላችሁ፣ ሌላ ቦታ አንድ ፊደል በነካችሁ ቁጥር ሁሉም ቁጥር ይቀየራል፣ እጣው በየደቂቃው እንደገና ይወጣል። ከዚያ በቁጥሩ ደርድሩና የመጀመሪያዎቹን ስምንት ለአንደኛ ቡድን፣ ቀጣዮቹን ለሁለተኛ እያላችሁ ቁረጡ።

ስትደረድሩ ሰንጠረዡን በሙሉ ምረጡ። እኔ አንዴ የስሙን ዓምድ ብቻ መርጬ ደርድሬ፣ ስሙ ተገለባብጦ ስልኩ ባለበት ቀረ። ሳላውቅ ለሁሉም የቡድናቸውን ቁጥር በቴክስት ላክሁ። አዘዞ ሰፈር ያለ ሰው የማራኪ ሰፈሩን ሰው ቡድን ሲፈልግ ዋለ።

ደግሞ አንድ ነገር፦ ኮምፒውተር ያወጣው እጣ የሚታመነው ሰው ሲያየው ነው። በሐምሌ 2014 የአዲስ አበባ የጋራ መኖሪያ ቤቶች እጣ በኮምፒውተር ከወጣ በኋላ መረጃው ላይ ማጭበርበር ተገኘ ተብሎ መሰረዙን ታስታውሳላችሁ። እናንተ ቤት አታከፋፍሉም፤ ቢሆንም ቤታችሁ አውጥታችሁ ሊስቱን ይዛችሁ ከመጣችሁ፣ እኔ በጭንቅላቴ ከመደብኩት ጋር ለሰሚው ልዩነት የለውም። ፕሮጀክተር ካለ ሰው ፊት አውጡ። ከሌለ ላፕቶፑን አዙራችሁ ሁለት ሦስት ሰው ጎናችሁ ይቁም።

ከመጣሉ በፊት የሚባል፣ ከጣሉ በኋላ የማይነካ

ሕጉን ሁሉ ፌስታሉ ሳይከፈት ተናገሩ። ባልና ሚስት አብረው ይሁኑ ከተባለ አሁን ይባል፤ ሁለቱ በአንድ ብጣሽ ይወጣሉ። እግሩን የሚያመው ሰው ከወንዝ ዳር ሥራ ይቅር ከተባለም አሁን ይባል። ከወጣ በኋላ «ይሄማ ይደገም» ካላችሁ እጣው ሞተ። አንዴ የደገመ ሰው ሦስቴ ይደግማል፤ ደስ ያለው ቡድን ሲፈርስበት ይቆጣል፣ ያልተደሰተው ደግሞ በርትቶ ይጮሃል። እትየ እቁብ ላይ አንድ ሰው «ብጣሼ ተጣብቆ ነበር» ብሎ ሲያለቅስባቸው አይቻለሁ። «ስደባልቅ የት ነበርክ?» አሉት፤ ሌላ ቃል አልጨመሩም።

አርፋጆች ይመጣሉ፣ የማይቀር ነው። ለነሱ የተለየ ትንሽ ጥቅል ያዙ፦ ሰው ያነሰባቸው ቡድኖች ቁጥር፣ አንድ አንድ ጊዜ። በኛ ሒሳብ ከ3 እስከ 6 ማለት ነው። አራት አርፋጅ እስኪሞላ ያስኬዳችኋል፣ ቡድኖቹም ሁሉ ባለ 8 ይሆናሉ። «ከወንድሜ ጋር» የሚል አርፋጅ ወንድሙን ጠዋት መቅደም ነበረበት።

ሥራውን ወይም ቦታውን ደግሞ መጨረሻ ላይ አውጡ። ሰው ገና 1 ቁጥር ጥላ ስር፣ 4 ቁጥር ወንዝ ዳር መሆኑን ካወቀ ብጣሽ ሲለዋወጥና ሲያለቃቅስ ይውላል። መጀመሪያ ቡድኑ ይመሥረት፣ ይተዋወቅ፣ ተጠሪ ይምረጥ። ከዚያ ስድስት ብጣሽ ላይ ስድስቱን ቦታ ጽፋችሁ ተጠሪዎቹ ያውጡ።

በቀጣዩ ዓመት እንዲሁ አደረግን። እትየም ወንበር አስመጥተው ቁጭ ብለው አዩን፤ ፌስታሉን ራሳቸው ነበር የደባለቁት። ከ44ቱ አንዱ ሆኜ እኔም ብጣሽ አወጣሁ፣ 5 ደረሰኝ። ተጠሪያችን እጇን ከታ ቦታ ስታወጣ ቀሃ ወንዝ ዳር ወጣላት። የአክስቴ ልጅ ዘንድሮም ጥላ ስር ነው።